የሕመም ፈቃድ፦ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የመጀመሪያው ወር እንዴት ነው የሚቆጠረው?

የማኅበር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የማኅበራችን አባል ጉዳይ ከድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል ጋር መግባባት አልቻልንም፤ ሕጉን የምታውቁ እርዱን። የግል ፋብሪካ ነው፤ ሠራተኛው 5 ዓመት አገልግሏል፣ ደመወዙ በወር 9,000 ብር ነው። መስከረም 10 ታሞ የ20 ቀን ዕረፍት ተሰጠውና ተሽሎት ተመለሰ። ኅዳር 1 አገረሸበትና 45 ቀን ተኛ። ለ20ው ቀን ሙሉ ተከፈለው፤ ለ45ቱ ግን በሙሉ ግማሽ ብቻ። «ሙሉ የሚከፈልበት ወር መስከረም ላይ አልፏል» ይላሉ። ኅዳር ላይ የሐኪም ወረቀቱ የደረሳቸው በ6ኛው ቀን ስለሆነም «5 ቀን ያለ ፈቃድ ቀርተሃል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል። ለመሆኑ 6 ወር ቢሞላውስ ሥራውን ያጣል?

ደመወዝ ክፍል

በክፍያው ተሳስተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እንደሚለው የሕመም ፈቃድ በተከታታይ ቢወሰድም በተለያየ ጊዜ ቢወሰድም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው። 12 ወሩ የሚጀምረው ሠራተኛው ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ከመስከረም 1 ወይም ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ አይደለም። አንቀጽ 86 ክፍያውን ሲከፋፍለው የመጀመሪያው 1 ወር 100 በመቶ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት 50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

ስለዚህ የተወሰዱት ቀናት እየተደመሩ ነው የሚሄዱት። መስከረም ላይ 20 ቀን ከተጠቀመ ሙሉ የሚከፈልበት 10 ቀን ይቀረዋል። የቀኑ ሒሳብ 300 ብር ነው፦

20 ቀን በ300፦ 6,000
ከኅዳር 1 ጀምሮ 10 ቀን በ300፦ 3,000
ቀሪው 35 ቀን በ150፦ 5,250
ድምር 14,250 ብር

እነሱ የከፈሉት 6,000 እና 6,750፣ በድምሩ 12,750 ነው። ልዩነቱ 1,500 ብር። ፔሮል ላይ ይህ ስሕተት የሚደጋገመው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሕመም ቀን መዝገብ ስለማይያዝ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን የሕመም ቀን፣ 12 ወሩ የሚያልቅበትን ቀንና ድምሩን መጻፍ ይበቃል። ለዚህ ሠራተኛ 12 ወሩ የሚዘጋው በመጪው ዓመት መስከረም 9 ነው።

የኅብረት ስምምነታችሁንም አንብቡ። ከአዋጁ የተሻለ ክፍያ ከተጻፈበት የሚሠራው እሱ ነው።

የፋብሪካ ነርስ

ስለ ማስጠንቀቂያው ልጨምር። ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ተምታተዋል። አንደኛው ማሳወቅ ነው፦ ሠራተኛው በቀረ ማግስት ለአሠሪው መናገር አለበት፤ አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ከነበረ ወይም ሠራተኛው ማሳወቅ ካልቻለ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። የማግስቱ ቀን የተጻፈው ለማሳወቁ እንጂ ለወረቀቱ አይደለም። ኅዳር 2 ቀን ለቅርብ አለቃው ደውሎ ወይም ሰው ልኮ ከነበረ፣ ወረቀቱ በ6ኛው ቀን መድረሱ ብቻውን «ያለ በቂ ምክንያት ቀርቷል» አያሰኝም። የስልክ ጥሪው ዝርዝርና መልእክቱ ሳይጠፋ ይያዝ።

ማስጠንቀቂያውን ግን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። በአንቀጽ 27 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ስንብቱ አስቀድሞ ሳይነገረው፣ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይቃወም፤ የሐኪሙን ወረቀት ቅጂ ያያይዝ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጎ ቁጥሩንና ቀኑን የእሱ ቅጂ ላይ ያስጽፍ። በቃል የተነገረ ተቃውሞ ከወራት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ወረቀቱ ራሱ ጉድለት ሲኖርበት ነው። የቀጠሮ ካርድ የዕረፍት ማስረጃ አይደለም። «ታክሟል» ብቻ የሚል ወረቀትም አያገለግልም፤ ዕረፍቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም ይኑርበት። ተቋሙም ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ የከፋው ክፍተት ነው፦ የመጀመሪያው ዕረፍት ዓርብ አልቆ ክትትሉ ማክሰኞ ከሆነ ቅዳሜና ሰኞ ያለ ማስረጃ ይቀራሉ። ሐኪሙን እዚያው ሳሉ «እስከ ቀጠሮዬ ድረስ ይጻፉልኝ» ማለት ያስፈልጋል።

ደግሞ ጠይቁት፤ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ቢሆንስ? ከባድ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡ የተጎዳ፣ በኬሚካል ሳንባው የታመመ ሰው በአንቀጽ 85 አይስተናገድም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት እስከ 1 ዓመት የሚሄድ ክፍያ አለ፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት በተራ የሕመም ፈቃድ መዝግቦ ማለፍ ሠራተኛውን በጣም ይጎዳዋል።

ችሎት

ስለ 6 ወሩ፦ ፈቃዱ ማለቁ በራሱ ውሉን አያቋርጥም። በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት አንቀጽ 28 የሚጠይቀው ሠራተኛው ግዴታውን በዘለቄታው መወጣት አለመቻሉን ነው። አደጋው ያለው 6 ወር በሞላ ማግስት ዝም ብሎ መቅረት ላይ ነው፤ ያኔ የሚሸፍነው ፈቃድ ስለሌለ ጉዳዩ ወደ መቅረት ይዞራል። ከ6ኛው ወር መጨረሻ በፊት ወይ ለሥራ ብቁ ነው የሚል ወረቀት ይዞ ይመለስ፣ ወይ ቀለል ያለ ሥራ ወይም ተጨማሪ ያለ ክፍያ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ቢሰናበት ደግሞ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሰው የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው። ስንብቱ የአካል ጉዳቱ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ከሆነ የስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሩት 4 ዓመታት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ 3,000 በ4፤ በድምሩ 21,000 ብር። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ወደ ሥራ ካልተመለሰ በአንቀጽ 43 መሠረት ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ፣ 54,000 ብር ነው፤ የ2 ወሩ የማስጠንቀቂያ ክፍያ ይታከልበታል።

ጊዜውን ግን ጠብቁ! ወደ ሥራ መመለስ የሚጠየቀው ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። የ1,500 ብሩ የደመወዝ ልዩነት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይታገዳል። «ከሥራ አስኪያጁ ጋር እየተነጋገርን ነው» ማለት ቀኑን አያቆመውም። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለሌለ በገንዘብ ምክንያት የሚዘገይበት ነገር የለም።

የአንቀጽ 85 የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ የሙከራው ጣሪያ 60 የሥራ ቀን ነው። የሥራ መሪና የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም።

የማኅበር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌላ አንድ ጥያቄ፦ የ7 ወር እርጉዝ የሆነች አባል ሐኪም 2 ሳምንት እንድታርፍ አዝዟታል። ድርጅቱ ከወሊድ ፈቃዷ እቀንሳለሁ ይላል። ባሏም እዚያው ነው የሚሠራው።

ደመወዝ ክፍል

አይቀነስባትም። በአንቀጽ 88 ሐኪም ያዘዘው ዕረፍት ለብቻው የቆመ፣ ክፍያ ያለው ፈቃድ ነው፤ ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበትም ጊዜ ይከፈላታል፣ ከምርመራው በኋላ ወረቀት ታቅርብ እንጂ። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። 30ው ቀን አልቆ ካልወለደች እስክትወልድ ተጨማሪ ፈቃድ አላት፤ ይህም ከ90ው አይነካም። ቀድማ ከወለደች 90ው ያኔ ይጀምራል። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ 4 ወር እስኪሞላት ከእርግዝናዋና ከወሊዷ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሊያሰናብቷት አይችሉም።

ባሏ ሙሉ ደመወዝ ያለው 3 ተከታታይ ቀን አለው። የታመመ ልጅ ወይም ወላጅ ለማስታመም ግን ራሱን የቻለ ፈቃድ በአዋጁ የለም። ያለው ለልዩና ከባድ ጉዳይ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ከዓመት ፈቃድ ይወሰዳል። የኅብረት ስምምነታችሁ ሲታደስ ይህን ነጥብ አስገቡበት።