ሲኦልና ገሃነም፦ የሞተ ሰው አሁን እየተቃጠለ ነው ወይ?

ሳሮን_ጥ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የታዳጊዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስጠናለሁ፣ እና ባለፈው አንድ የ14 አመት ልጅ "ሳያምኑ የሞቱ ሰዎች አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ እየተቃጠሉ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አጎቱ በቅርብ ነው ያረፈው፣ ስለዚ ጥያቄው እንዲሁ ለማወቅ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዝም ብዬ "አዎ" ልለው አልፈለኩም፣ ልቡ እንዳይሰበር ብዬ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር ልነግረው አልችልም፣ በሚቀጥለው እንመለስበታለን ብዬው አለፍኩ።

ከዛ ቤት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ጭራሽ ግራ ገባኝ። መክብብ 9፥5 "ሙታን ግን አንዳች አያውቁም" ይላል። ሉቃስ 16 ላይ ደግሞ ሀብታሙ ሰውዬ ሞቶ እያየ፣ እያወራ፣ እየተጠማ ነው። ማቴዎስ 10፥28 ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም "ሊያጠፋ" የሚቻለውን ፍሩ ይላል፣ ማቴዎስ 25፥46 ደግሞ "የዘላለም ቅጣት" ይላል። ያዕቆብ እንኳን ዮሴፍ የሞተ መስሎት ሲያለቅስ ወደ ልጄ ወደ ሲኦል እወርዳለሁ ነው ያለው (ዘፍ 37፥35)፣ ያዕቆብ ሲኦል ሚገባ ከሆነ እኛማ ምን ልንሆን ነው? እባካችሁ ጥቅስ ጠቅሳችሁ አስረዱኝ፣ ስብከት ሳይሆን ማስረጃ ነው ምፈልገው።

ኬብሮን_መ፦
እህቴ ጥሩ ልጅ ነው ያለሽ፣ ተባረኪ። ግራ ያጋባሽ አብዛኛው ነገር ሚፈታው ሲኦልንና ገሃነምን ሳትቀላቅይ ለያይተሽ ስታያቸው ነው፣ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ አንድ አርገው ስለሚያወሩት ነው ችግሩ። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ሲኦል በብሉይ ኪዳን ከ60 ጊዜ በላይ አለ፣ የሙታን ስፍራ ማለት ነው፣ ጻድቁም ኃጥኡም ይወርድበታል። ያዕቆብም ኢዮብም ሊወርዱበት እንደሚችሉ ነው ያወሩት፣ ኢዮብማ ጭራሽ በሲኦል ሸሽገኝ ብሎ ለምኗል (14፥13)፣ የስቃይ እሳት ቢሆን ማን ሸሽገኝ ይላል? ገሃነም ግን ሌላ ነው፣ አዲስ ኪዳን ላይ 12 ጊዜ ብቻ ነው ያለው፣ 11ዱ ከጌታ አፍ የወጣ ነው፣ አንዱ ያዕቆብ 3፥6።

ዋናው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ራእይ 20ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሙታን ይነሳሉ፣ መጻሕፍት ይከፈታሉ፣ ሲኦል በእርሱ ዘንድ ያሉትን ሙታን ይሰጣል፣ ከዛ ፍርድ ይሆናል፣ ከዛ "ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ" ይላል። ሲኦል ራሱ ነው ሚጣለው! ስለዚ የእሳት ባሕሩ ከትንሳኤና ከፍርድ በኋላ ነው እንጂ ሰው በሞተ ማግስት አይደለም። የሉቃስ 16 ሀብታምም ገሃነም አይደለም የገባው፣ "በሲኦልም በሥቃይ ሳለ" ነው ሚለው፣ አምስት ወንድሞቹ ገና በህይወት ምድር ላይ ናቸው፣ የመጨረሻው ፍርድ አልደረሰም። ለልጁ ስትመልሺለት ቢያንስ "የእሳት ባሕር ሚባለው ገና ነው፣ ማንም ሳይፈረድበት አይገባበትም" ማለት ትችያለሽ፣ ይሄን በድፍረት በይው።

ወልደ_ሰንበት፦
ቃለ ሕይወት ያሰማልን ወንድሜ ኬብሮን፣ እኛም በቤተ ክርስቲያን የተማርነው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከፍርድ ቀን በፊት የጻድቃን ነፍስ በገነት የኃጥአን ነፍስ በሲኦል ትቆያለች፣ ከዕለተ ምጽአት በኋላ ነው መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት። ጌታ በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ነው ያለው። ማቆያ እንጂ መጨረሻ አይደለም ሁለቱም።

መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22ን ያነበባችሁ ካላችሁ ደግሞ ይሄ ነገር ከሉቃስ 16 ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ታያላችሁ። ሄኖክ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለያይተው ሚቆዩበትን ቦታ ነው ሚያየው፣ ለጻድቃን በተለየው በኩል የውሃ ምንጭ አለ፣ የአቤል ነፍስም እዛ ሆና ቃየንን ትከሳለች። አሁን ሀብታሙ ሰውዬ አልዓዛር የጣቱን ጫፍ ውሃ ነክሮ ምላሴን ያብርድልኝ ሲል አስቡት፣ ውሃው በማዶ ነው ያለው፣ በመሀል ታላቅ ገደል አለ። ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 ላይ ሄኖክን በስሙ ጠቅሶታል፣ ስለዚ ይሄ አነጋገር ለመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እንግዳ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለብሉይ ኪዳን ሰዎች ሲኦል ተስፋ ሚያስቆርጥ ስፍራ ነበር፣ ለኛ ግን ክርስቶስ ወርዶበታል። ሐዋርያት 2፥31 ነፍሱ በሲኦል አልቀረችም ይላል፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥19 ደግሞ በወኅኒ ለነበሩት ነፍሳት ሰበከላቸው ይላል፣ ራእይ 1፥18 ላይ የሞትና የሲኦል መክፈቻ አለኝ ያለው እሱ ነው። ለሐዘንተኛ ልጅ ከእሳቱ በፊት ይሄ ቢነገረው ደስ ይለኛል፣ መክፈቻው በማን እጅ እንዳለ ይወቅ።

አንባቢው77፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ሳሮን የጠየቀችውን "ማጥፋት" ሚለውን ማንም አልነካውም እኮ። እኔ ለብዙ ጊዜ ሳጠናው የቆየሁት ነገር ስለሆነ ትንሽ ረዘም ላርገው ይቅርታ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኃጥአን መጨረሻ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ሚጠቀመው መጥፋት፣ መሞት፣ መቃጠል እንደ ገለባ ነው። ዮሐንስ 3፥16 "እንዳይጠፋ"፣ ሮሜ 6፥23 የኃጢአት ደመወዝ "ሞት"፣ ሚልክያስ 4 ላይ ኃጥአን ገለባ ይሆናሉ ሥርና ቅርንጫፍ አይቀርላቸውም ይላል፣ ራእይም የእሳት ባሕሩን "ሁለተኛው ሞት" ነው ብሎ የጠራው፣ ሁለተኛ ህይወት በስቃይ አላለውም። ይሁዳ 7 ሰዶምና ገሞራ በ"ዘላለም እሳት" ተቀጡ ይላል፣ ሰዶም ግን ዛሬ እየነደደች አይደለም፣ 2ኛ ጴጥሮስ 2፥6 አመድ እንደሆነች ነው ሚናገረው፣ ስለዚ ዘላለማዊ የሆነው ውጤቱ ነው እንጂ መቃጠሉ ሂደቱ አይመስለኝም።

ማርቆስ 9 ላይ "ትላቸው የማይሞት እሳቱም የማይጠፋ" ሚለውም ከኢሳይያስ 66፥24 የመጣ ነው፣ እዛ ሄዳችሁ አንብቡት፣ ሰዎቹ ሬሳ ናቸው! በህይወት ያለ ሰው አይደለም ትሉ ሚበላው። በነገራችን ላይ ገሃነም ሚለው ስም ከሄኖም ሸለቆ ነው የመጣው፣ ከኢየሩሳሌም አጥር አጠገብ ያለ እውነተኛ ሸለቆ ነው፣ ብዙ ሰው የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ነበር እሳቱ ቀን ከሌት ይነድ ነበር ይላል፣ ይሄ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም፣ በ1200 አካባቢ የነበረ ዳዊት ቂምሒ ሚባል የአይሁድ መምህር ላይ ነው ሚገኘው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ከቆሻሻ የባሰ ነው። ንጉሡ ምናሴ ልጆቹን በእሳት ያሳለፈበት ቦታ ነው (2ኛ ዜና 33፥6)፣ ኢዮስያስ መጥቶ አረከሰው (2ኛ ነገ 23፥10)፣ ኤርምያስ 7፥31 ላይ እግዚአብሔር ስለዛ ነገር ሲናገር እኔ ያላዘዝኩት በልቤም ያላሰብኩት ነው ይላል። ልጅን በእሳት ማቃጠል በልቡ እንኳን ያላሰበ አምላክ ሰውን ለዘላለም እያቃጠለ ያቆያል ብዬ ማመን ይከብደኛል፣ በግልጽ ነው ምናገረው።

ኬብሮን_መ፦
አንባቢው ወንድሜ፣ ያነሳሃቸው ጥቅሶች ከባድ ናቸው፣ ቀለል አርጌ አላልፋቸውም። የኤርምያሱ በተለይ። ግን ሁለት ቦታ ላይ አልስማማም። አንደኛ ማቴዎስ 25፥46 አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ "ወደ ዘላለም ቅጣት" እና "ወደ ዘላለም ሕይወት" ይላል፣ ህይወቱ ማያልቅ ከሆነ ቅጣቱን በምን መብት እናሳጥረዋለን? ሁለተኛ ራእይ 14፥11፣ የስቃያቸው ጢስ ለዘላለም ይወጣል ቀንና ሌሊት ዕረፍት የላቸውም ይላል፣ ይሄ ስለ ሰዎች ነው፣ አመድ የሆነ ሰው ዕረፍት የለውም አይባልም። ዳንኤል 12፥2 ላይም ለዘላለም እፍረትና ጉስቁልና ሚነሱ አሉ። እኔ ይሄን ማምነው ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኛል፣ ግን ጌታ የተናገረውን ስለከበደኝ ማለስለስ አልችልም።

አንባቢው77፦
የራእይ 14ቱ ከኔ ወገን ላሉት ሁሉ ከባዱ ጥቅስ ነው፣ አልክድም። ኢሳይያስ 34፥10 ላይ ግን ስለ ኤዶም ጢስዋ ለዘላለም ይወጣል ይላል፣ ያው ተመሳሳይ አነጋገር ነው፣ ኤዶም ግን ከዛ በኋላ ባዶ ሆና አውሬ ሲኖርባት ነው እዛው ምዕራፍ ላይ ሚታየው። ማቴዎስ 25ን በተመለከተ ሞት ራሱ ቅጣት ነው፣ ለዘላለም ማይቀለበስ ሞት የዘላለም ቅጣት ነው። ለማንኛውም ሁለታችንም ፍርድ አለ፣ ከባድ ነው፣ ማይመለስ ነው በሚለው እንስማማለን፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሳሮን_ጥ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ እያንዳንዱን ጥቅስ ከፍቼ እያየሁ ነው። አንድ ነገር ግን አልወጣልኝ አለ። ይሄ ልጅ አጎቱ ደግ ሰው ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አይሄድም ነበር ይላል። በቃ አንድ አይነት እሳት ለሁሉም? ሰባ አመት ለኖረ ሰው? ነፍሰ ገዳይም እሱም እኩል? እኔ ራሴ ሳስበው ይጨንቀኛል፣ ልጁን ምን ልበለው?

የሦስት_ልጆች_እናት፦
ሳሮን ልጄ እኔ እንደነሱ አልተማርኩም ግን ወንጌሉን ደጋግሜ አነባለሁ። "እኩል" ሚለውን ጌታ ራሱ አልተናገረም። ሉቃስ 12 ላይ የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገ ባሪያ ብዙ ይገረፋል፣ ሳያውቅ ያጠፋው ግን ጥቂት ይገረፋል ይላል። ለኮራዚንና ለቤተ ሳይዳ በፍርድ ቀን ከናንተ ይልቅ ለጢሮስና ለሲዶና ይቀልላቸዋል ብሏል። ሚፈርደው የልብን ሚያውቅ አምላክ ነው፣ አብርሃም እንኳን ፊት ለፊቱ ቆሞ የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን ብሎ ተከራክሮታል እሱም አልተቆጣውም፣ ሰዶምን እንዲምርለት ከሃምሳ ጻድቅ ጀምሮ እስከ አስር ድረስ ሲለምነው ሰምቶታል። ስለዚ ልጁ ቢከራከር አታስደንግጪው፣ ይከራከር።

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ኬብሮን 11 ጊዜ ጌታ ተናገረው ካለ በኋላ እኔ ቁጭ ብዬ ለማን እንደተናገረው አየሁት። በተራራው ስብከት ወንድሙን "ደንቆሮ" ለሚል ለደቀ መዝሙር፣ ለአሥራ ሁለቱ ሲልካቸው፣ ታናናሾችን ለሚያሰናክሉ እጅህን ቁረጥ ዓይንህን አውጣ ሲል፣ ሉቃስ ላይ "ለእናንተም ለወዳጆቼ እላችኋለሁ" ብሎ፣ የቀረው ለጻፎችና ለፈሪሳውያን። አንድ ጊዜ እንኳን ለአሕዛብ፣ ለቀራጭ ወይም ለጋለሞታ ገሃነም ትገቢያለሽ ሲል አላገኘሁም። የሐዋርያት ሥራ ላይ ጴጥሮስም ጳውሎስም ሲሰብኩ ቃሉን አያነሱትም፣ ጳውሎስ ለገዢው ለፊልክስ ስለሚመጣው ኩነኔ ነግሮት አስፈርቶታል እንጂ ፍርድን አልደበቀም፣ ገሃነም እያለ ግን አላስፈራራም። እኛ ግን ምናደርገው ተገላቢጦሽ ነው፣ ውጪ ላለው ሰው እሳት እንልካለን እኛ ውስጥ ተቀምጠን። አጎቱ የት እንዳለ ለመናገር ማንም አልተሾመም፣ አንቺም ልጁም ሰባኪውም።

የሉቃስ 16ንም ከልጆቹ ጋር አንብቡት፣ ግን የእሳቱን ሙቀት አትለኩ፣ ሰውዬውን እዩት። ሐምራዊ ልብስ ለብሶ በየቀኑ ይደሰት ነበር፣ ደጁ ላይ ቁስለኛ ሰው ተኝቷል፣ ውሾች ይልሱታል፣ ገደለው አይልም፣ ሰደበው አይልም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሲኦል ገብቶ እንኳን የአልዓዛርን ስም ያውቃል፣ ግን አንዴም አያናግረውም፣ አብርሃምን ነው ሚያናግረው፣ አልዓዛርን ላክልኝ፣ ውሃ ያምጣልኝ፣ ወደ ቤቴ ላክልኝ፣ አሁንም እንደ አሽከር ነው ሚያየው። ይቅርታ እንኳን አልጠየቀውም። አብርሃም ደግሞ "ልጄ" ነው ሚለው፣ እዛ ሆኖም ልጄ ይለዋል። ገደሉን እኮ በየቀኑ ደጁን ሲያልፍ ራሱ ነው የጀመረው። እነዚያ ልጆች 14 አመታቸው ነው፣ ክፍላቸው ውስጥ ማንም ማያናግረው ልጅ ይኖራል፣ እሱን ጠይቂያቸው።

ሳሮን_ጥ፦
እማ፣ ይሄን ኮፒ አርጌ ይዤዋለሁ። አልዓዛርን አንዴም እንደማያናግረው እስከዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ኬብሮንና አንባቢው የሁለታችሁንም ጥቅስ ጎን ለጎን ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፣ ትልልቆቹ ራሳቸው ያንብቡት። ለልጁ ደግሞ መጀመሪያ ወልደ ሰንበት ያሉትን ራእይ 1፥18ን ነው ማነብለት።