ፓራውልት ውስጥ የቀበርነው ላሜራ ይላቀቃል፣ ፓምፑ ይሆን?

ፋይበሩ_ገላን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን አካባቢ ትንሽ ወርክሾፕ አለችን፣ አራት ሆነን የቅጥቅጥ አውቶብስ ፓራውልት በፋይበር ግላስ እንሠራለን። ቡሎን የሚያርፍበት ቦታ ላይ 4 ሚሊ ላሜራ በፋይበሩ መሃል እንቀብርና ላዩን በላስቲክ ሸፍነን አየሩን በቫኪዩም እናወጣለን። በጋውን ደህና ነበር። ሰኔ ከገባ ወዲህ ግን ከአሥሩ ሦስቱ ይመለሳሉ። ላሜራው ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ከዛ መኪናው ሁለት ሳምንት ኮረኮንች ላይ ሲመላለስ ላሜራው ተላቆ ውስጡ ይንኳኳል። አንዱ ደንበኛማ "ጽናጽል ነው እንዴ የሸጣችሁልኝ" ብሎኛል።

የጠረጠርኩት ፓምፑን ነው። ጌጁ 0.77 ባር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ መመሪያው ግን 1 ይደርሳል ይላል። መልሼ ሌላ ቀየርኩ፣ እሱም ያው። ሦስተኛ ልግዛ? ሬዚናችን (ፋይበሩን አርሶ የሚደርቀው ፈሳሽ) ተራው ፖሊስተር ነው።

ጋሽ_ቶርኖ፦
ኧረ ተው ገንዘብህን አታቃጥል! ፓምፑ ጤነኛ ነው። ፓምፑ አየር ከማውጣት በቀር ሥራ የለውም፣ ፋይበሩን የሚጫንልህ የውጪው አየር ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳር ብትሠራ በካሬ ሜትር 10 ቶን ገደማ ይጫንልሃል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ይላል፣ የምታገኘው 8 ቶን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 0.77 ካነበብክ ያለውን ሁሉ ወስደሃል ማለት ነው፣ የትኛውም ፓምፕ ገላን ላይ 1 አያሳይህም። ያንን ሻጭ ይቅርታ ጠይቀው።

ይልቅ ማፍሰሱን ፈትሽ። ቧንቧውን በቫልቭ ዝጋ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ ሻይህን ጠጥተህ በ15 ደቂቃ ተመለስ። መርፌው ከወረደ የላስቲኩ ጠርዝ ያፈሳል። ደግሞ ከተመለሱት አንዱን በፍሌክስ ለሁለት ቁረጥና ላሜራውን እየው። ራቁቱን ነው ወይስ ሬዚንና ፋይበር ተጣብቆበት ቀርቷል? እሱን ሳታይ ምንም አትግዛ።

ፋይበሩ_ገላን፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ እኮ ከሰውየው ጋር ልጣላ ነበር። እንዳሉኝ ሁለት ቆረጥኩ። ሁለቱም ላይ ብረቱ እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፣ አንዱ ብቻ ጠርዙ ላይ ቡኒ ዝገት አለው። ስንጥቁ ደግሞ ሁሌ የሚነሳው ከላሜራው አራት ማዕዘን ጥግ ነው። መርፌው አልወረደም።

ኬሚካሏ፦
እንግዲህ ላሜራው ተላቀቀ አትበል፣ መጀመሪያውኑም አልያዘም። ቢይዝ ኖሮ ሲላቀቅ ሬዚን ይዞ ነበር የሚወጣው።

እስቲ ልገምት። ላሜራውን ማታ ትፈገፍጉታላችሁ፣ በቲነር በነከራችሁት ጨርቅ ትጠርጉታላችሁ፣ ጨርቁም ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነው፣ ከዛ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያድርና ጠዋት ትቀብሩታላችሁ። ልክ ነኝ? በክረምት ያ ብረት በረዶ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ሰው ሲገባና ቤቱ ሲሞቅ ላዩ ያልበዋል። በዓይን አይታይም፣ ግን ሬዚኑ የሚያርፈው ውሃና ዝገት ላይ ነው። በጋ ላይ ደህና የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅባቱን በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን አውጡት (ብየዳው እዚያው አጠገብ ከሆነ አደራ፣ አሴቶን ቀልድ አያውቅም)፣ ከዛ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት ወይም በአሸዋ ንፉት፣ ከዛ ደግሞ አሴቶን። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፣ ቅባቱ ሳይወጣ ከፈገፈጋችሁት ጭረቱ ውስጥ ነው የምታስገቡት። ከዛ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ተንጣሎ ከተነጠፈ ንጹሕ ነው፣ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ክብ ክብ ከሠራ እንደገና ጀምሩ። በሙቅ አየር አድርቁትና ለብ እንዳለ በዚያው ጠዋት ቅበሩት፣ አይደር።

ጥጉን አሙልሙሉት። ፖሊስተር ሲደርቅ በይዘቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይኮማተራል፣ ፋይበር ግላሱም በሙቀት ሲለጠጥ ከብረት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፣ ይሄ ሁሉ ጉተታ የሚሰበሰበው ሹል ጥግ ላይ ነው። ላሜራውን 10 ሚሊ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጉትና ሬዚኑና ፋይበሩ ወዲያና ወዲህ ይያያዝ። ማጣበቂያው ቢከዳችሁ እንኳ ቀዳዳው ይይዘዋል። ቪኒል ኤስተር ሬዚን ካገኛችሁ ላሜራው አካባቢ ብቻ ብትጠቀሙት ከፖሊስተር ይልቅ ብረት ይወዳል። ኢፖክሲ (ሌላ ዓይነት ሬዚን) ቀብቶ ላዩ ላይ ፖሊስተር መደረብ ግን ይቅርባችሁ፣ ፖሊስተሩ እላዩ ላይ በደንብ አይደርቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በብርድ አልደርቅ ሲላችሁ ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያደርቀውን) አትጨምሩ። ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚዛን እንጂ በዓይን ግምት አይደለም። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ቤቱን አሙቁ። ሃርድነሩንና ኮባልቱን (ማድረቁን የሚያፋጥነውን) ደግሞ መቼም በቀጥታ እንዳታገናኟቸው፣ ይፈነዳል።

የአቃቂ_ልጅ፦
ኬሚካሏ ሁሉንም ጨረሰችው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዳዶውን (ቡሎኑ የሚታሰርበትን) ላሜራው ላይ መቼ ነው የምትበይዱት?

ፋይበሩ_ገላን፦
ፓራውልቱ ከሻጋታው (ከቅርጽ ማውጫው) ከወጣ በኋላ ነዋ። ቦታው እንዳይስት ብለን ላሜራው ጋ የፋይበሩን መስኮት ከፍተን እዚያው እንበይዳለን።

የአቃቂ_ልጅ፦
ይኸውልህ! ተራ ፖሊስተር 100 ዲግሪ ሳይሞላ ይለሰልሳል እኮ፣ የብየዳው ሙቀት ስንት እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ። በልፋት የያዘውን ራስህ ታላቅቀዋለህ። ዳዶውን ላሜራው ላይ በይድ፣ አጽዳ፣ ክሩን ግሪስ በተቀባ ቡሎን ድፈን፣ ከዛ ቅበር። ግሪሱ ክሩ ውስጥ ብቻ! እጅህ ላይ ከነካህ ላሜራውን እንዳትይዝ። ቦታ እንዳይስት ሻጋታው ላይ ቀዳዳ ብሳና ቡሎኑን በእሱ አሳልፈህ እሰረው።

ፋይበሩ_ገላን፦
ኬሚካሏ፣ ጨርቁ ላይ ተሳስተሻል፣ ሳምንት ሳይሆን ወር ነው። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ሰኞ አራት እንሠራለን፣ ሁለቱን በድሮው ሁለቱን በዚህኛው፣ ዳዶውም ቀድሞ ይበየዳል። ሁሉንም በመዶሻ ሰብሬ ላሜራው ምን እንደሚመስል እነግራችኋለሁ። ጋሼ፣ ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ ስቆ ዘጋብኝ።