ስድስት ሳጥን ቲማቲም እጄ ላይ ቀረ፣ ምን ላድርግ?

ብሎክ 21፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። በኮንዶሚኒየማችን አትክልት በቀጥታ ከገበሬ እናምጣ ተባብለን ከመቂ 10 ሳጥን ቲማቲም አስመጣን። 38 ቤት ተመዝግቦ ነበር። መጥቶ የወሰደው 15 ቤት ነው። ሌላው ስልክ አያነሳም። ስድስቱ ሳጥን ደረጃ ሥር ተደርድሯል፣ ከታች ያለው መፍረጥ ጀምሯል፣ ዝንቡ አይጣል ነው። ብሩን ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ሳሚ ጎሮ፦ ስልስ ሠርተህ ጥራን። እንጀራ በእኛ።

ሜሪ፦ ፍሪጅ ውስጥ አስገባው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዕቁብ እንኳ የሚቆመው በዳኛና በዋስ ነው። ሰው ስሙን ለማስመዝገብ አይሰስትም፣ እጁ የሚያጥረው ብር ሲባል ነው። ቀብድ ሳትቀበል መኪና ትልካለህ? በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ስንወስድ፣ ቢያንስ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ይታወቅ ነበር።

ብሎክ 21፦ ልክ ነዎት ጋሽዬ፣ ግን ቲማቲሙ እየፈረጠ ያለው አሁን ነው።

ሃና፦ ብስል ነው ጥሬ? እሱን ሳትነግረን እኮ ነው የምትጠይቀን።

ብሎክ 21፦ ድብልቅ ነው። አንዱ ሳጥን ወደ 50 ኪሎ ይሆናል።

ሃና፦ አሁኑኑ ከሳጥን አውጡት። የፈረጠውን፣ ብስሉንና ጥሬውን ለዩ። አንዱ ከበሰበሰ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ጥሬውን ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ፣ ካርቶን ላይ፣ ሳይደራረብ ዘርጉት። አትጠቡት። ሙዝ አጠገቡ አይኑር፣ ያፈጥነዋል። ጥሬውን ፍሪጅ አታስገቡ፣ ብርዱ ይጎዳዋል፣ በኋላም በደንብ አይበስልም።

ሜሪ፦ እኔ ግን ፍሪጅ ነው የምለው። እናቴ ሁሌም እዚያ ነው የምታስቀምጠው።

ሃና፦ የእናትሽ ሁለት ኪሎ ነው እህቴ። ይሄ 300 ኪሎ ነው።

ቢኒ፦ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ለሰፈሩ ጤናማ ምግብ ብላችሁ በራችሁ ላይ የተቀመጠችውን የጉሊት እናት ዘለላችኋት። በሌሊት ተነስታ ከኃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ የምታመጣላችሁ እሷ ናት። ደላላ እንዝለል ስትሉ ደላላዋ እሷ ሆና ተገኘች?

ብሎክ 21፦ ማንንም ልጎዳ አይደለም ወንድሜ። ኪሎው ተወደደ፣ ልጆቻችን ጠዋት ማታ ማካሮኒ ሆነባቸው። ለእሱ ነው።

ዘውዴ፦ ቢኒ ተናዶ መልሱን ተናገረው እኮ። እኛም በጥቅል ጎመን እንዲሁ ሆነን ነበር። ሰፈር ላሉ ሦስት የጉሊት ሴቶች በመጣበት ዋጋ ሰጠናቸው፣ ሸጠው ከፈሉን። ብስሉን ስጣቸው። ግን ዛሬ ማታውኑ አናግራቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ገበያ ወርደው የራሳቸውን ከገዙ በኋላ ማንም አይወስድልህም። ጾሙ ገብቷል፣ ቲማቲም ይሄዳል። እኛ አሁን የምናዝዘው ከእነሱ ጋር ነው። በቀን ስንት ኪሎ እንደሚወጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እማማ ዓለም፦ የፈረጠውን እንዳትጥሉ ልጆቼ። የሸተተና የሻገተ ካልሆነ በቀር። የፈላ ውኃ አፍሱበት፣ ልጣጩ በራሱ ይለቃል። ከዚያ ድልህ እስኪመስል አንተክትኩት። ሲበርድ በላስቲክ እየከፈላችሁ ፍሪዘር ያለው ሰው ቤት አስገቡ። ኮሚናሉ፣ የጋራ ማረጃና ማብሰያ ቤታችሁ፣ እንደሆነ ባዶ ነው፤ ጾም ነው፣ በግ የሚያርድ የለም። ትልቁን ብረት ድስት እዚያ ጣዱ።

ሜሪ፦ ፍሪዘርም ያው ፍሪጅ ነው። አላልኩም?

ብሎክ 21፦ አንዷን አገኘኋት፣ ሁለት ሳጥን እወስዳለሁ ብላለች። ሌሎቹን ልፈልግ ወጣሁ። ባትሪዬ 4 ፐርሰንት ነው።

ዘውዴ (በማግስቱ)፦ እንዴት ሆነ? ባዶ ሳጥኖቹን ለሹፌሩ መመለስ እንዳትረሳ፣ ያስከፍልሃል።

ሃና፦ ጥሬውስ ተዘረጋ?

ሳሚ ጎሮ፦ ኧረ እዚያ ብሎክ የምትኖሩ፣ ደረጃ ሥር አንዴ እዩልን።