ፖስታ ቤት ጋ ያየሁት የሩሲያ ዜኒት ካሜራ፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

የቀበና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ቅዳሜ ከብሔራዊ ትያትር ወደ ፖስታ ቤት ስሄድ ከባህል ዕቃ መደብሮቹ በአንዱ ውስጥ፣ በመስቀሎቹና በድሮ ሳንቲሞቹ መካከል ካሜራ አየሁ። ዜኒት-ኢ ነው። ፊቱ ላይ የሞስኮ ኦሎምፒክ ምልክት አለው፣ ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይላል። ቡናማ የቆዳ ቦርሳው ስፌቱ ትንሽ ተተርትሯል እንጂ ደህና ነው። ባለሱቁ 11 ሺህ ብር አለኝ፤ ብከራከረው የሚወርድ ይመስለኛል።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። አያቴ 84 ዓመቷ ነው። ዶሮ ማነቂያ ተድራ፣ እዚያው ስድስት ልጆች አሳድጋ፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ነው የወጣችው። አሁን እኛ ጋ ናት። በስልኬ ከአንድ ሺህ በላይ ፎቶ አንስቻታለሁ፤ አንዱንም በእጇ ይዛ አላየችውም። እሷ ፎቶ የምትለው ሳጥኗ ውስጥ በፖስታ ያስቀመጠችውን፣ ዳር ዳሩ በጥርስ የተቆረጠውን ጥቁርና ነጭ ነው። በየአቅጣጫው የተበተኑት የቡና ጎረቤቶቿ ለማርያም ዝክር እኛ ቤት ይመጣሉ። ያን ቀን እንደዚያ ያለ ፎቶ ላነሳላት እፈልጋለሁ።

የፊልም ካሜራ በእጄ ይዤ አላውቅም። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ምኑን ልይ? ባለሱቁ «ይሠራል» ይለኛል፣ ግን ፊልም የለውም። ፊልምስ ከየት ይገኛል? ማንስ ያጥባል?

የሰርግ ፎቶ አንሺ፦

እህቴ፣ እኔ ብሆን ዜኒቱን ትቼ ፔንታክስ ኬ1000 እፈልግ ነበር። ከ1976 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ብርሃኑን በሌንሱ በኩል ይለካልሻል፣ ፍጥነቱ እስከ 1/1000 ሰከንድ ይሄዳል፣ የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ እንኳ ላይትሜትሩ (የብርሃን መለኪያው) ብቻ ነው የሚቆመው፣ ማንሳቱን ይቀጥላል። ካነን ኤኢ-1 ካቀረቡልሽ ግን አስቢበት፦ ባትሪ ከሌለው ጨርሶ አያነሳም። ዜኒት ከባድ ነው፣ ድምፁም ትልቅ ነው። አያትሽ ይደነግጣሉ።

ጨለማ ክፍል፦

ልጄ፣ አስቀድሜ ለአያትሽ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ 22 ዓመት ፊልም አጥቤያለሁ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሞስኮና ኪየቭ ደርሶ የተመለሰ ብዙው ሰው ዜኒት በአንገቱ አንጠልጥሎ ነበር የሚመጣው፣ ስለዚህ ይህን ካሜራ በጨለማም ዳስሼ አውቀዋለሁ። ያየሽው ምልክት ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣበት የ1972 ዓ.ም. ኦሎምፒክ ነው። አካሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እዪ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበት የፈረንጅ ዓመት ናቸው።

ወንድማችን ስለ ፔንታክስ ያለው ልክ ነው። ሆኖም ፔንታክስ ከውጭ እስኪመጣልሽ ወራት ይሄዳል፣ ዝክሩ ደግሞ ቀን አለው። ዜኒቱ ደህና ከሆነ ግዢው።

ደህና መሆኑን እንዲህ ታውቂያለሽ። ሌንሱን እንደ ጠርሙስ ክዳን ወደ ግራ እያዞርሽ ፍቺው። የጀርባውን በር ክፈቺ። ፊልሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁር የጨርቅ መጋረጃ ታያለሽ፤ ሻተሩ እሱ ነው። የካሜራው ነፍስ ያለችው እዚያ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ባለሱቁ የስልኩን መብራት ከፊት በኩል ያብራልሽ፣ አንቺ የመስታወቱን ጠርዝ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርገሽ ከኋላ ተመልከቺ (የመስታወቱን ፊት እንዳትነኪ)። ጨርቁ ላይ ኮከብ የምትመስል የብርሃን ነጥብ ካለች ተበስቷል። ጨርቁ ከተጨማደደ ወይም ጎማው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ተዪው። ከዚያ በሩ እንደተከፈተ ወደ መስኮት አዙረሽ፣ እያጠነጠንሽ የሻተሩን ፍጥነት በ30፣ በ60፣ በ125፣ በ250፣ በ500 ላይ እያደረግሽ ተኩሺ። በ500 ላይ ሙሉ አራት ማዕዘን ብልጭ ማለት አለበት። ግማሹ ጨለማ ከሆነ ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል አይሮጡም ማለት ነው።

ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሺውና ውስጡን እዪ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ዜኒት-ኢ ላይ ያለው ላይትሜትር ባትሪ አይፈልግም፣ በብርሃኑ በራሱ ነው የሚሠራው፤ ነገር ግን በዕድሜ ይደክማል። በእጅሽ ሸፍኚው፣ ግለጪው፣ መርፌው መንቀሳቀስ አለበት። ቢንቀሳቀስም ልኩን ስልክሽ ላይ ካለ የብርሃን መለኪያ ጋር አስተያዪው። የሞተ ቢሆን አትዘኚ፣ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆንሻል።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢልኝ። በ1981 ጥምቀት ጃን ሜዳ እናቴን፣ እህቶቿንና የክርስትና ልጆቿን ሁሉ በአንድ ፊልም አነሳሁ። ቁጥሩ 36 ድረስ ቆጠረ። ጨለማ ክፍል ገብቼ ስከፍተው ፊልሙ ከመጠቅለያው ጥርስ ላይ አልያዘም ነበር፤ ካሜራው ባዶውን ነው የቆጠረው። እናቴ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈች። ስለዚህ ልጄ፣ ፊልም ስታስገቢ ጫፉ ገብቶ ጥርሶቹ በሁለቱም በኩል ቀዳዳዎቹን መያዛቸውን ሳታዪ በሩን አትዝጊ። ከዘጋሽ በኋላ ስታጠነጥኚ በስተግራ ያለችው የመመለሻ ቁልፍ አብራ መዞር አለባት። ካልዞረች ፊልሙ ቆሟል። እኔ ከዚያ ወዲህ በየፖዙ እሷን ሳላይ አንስቼ አላውቅም።

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ ነው፦ ነጠላ። ላይትሜትር የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያወርደው ይፈልጋል። አምስት እናቶች ነጭ ነጠላ ለብሰው ፊትሽ ሲቀመጡ ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልሻል፤ እሱን ከሰማሽ ነጠላው ግራጫ ይሆንና ፊታቸው ከሰል ይመስላል። ስንቱን እንዲህ ያለ ኔጋቲቭ አትሜ የሰው እናት ፊት ከጨለማ ለማውጣት እንደታገልኩ! ከነጠላው ላይ አትለኪ። መዳፍሽን እነሱ ባሉበት ብርሃን ዘርግተሽ ከመዳፍሽ ለኪ፣ ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ክፈቺ፦ የኤፍ ቁጥሩን 8 ካለሽ 5.6 አድርጊው። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ያነሰበትን ግን ማንም አያድነውም።

ስድስት ኪሎ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን የሚነግረን ሰው የለም። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ሻተሩን በስልክሽ ስሎው ሞሽን ቅረጪው። በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጸው ላይ 1/30 ስምንት ፍሬም ያህል፣ 1/60 አራት ያህል ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። 12 ከሆነ ዘግይቷል ማለት ነው።

ፊልም ዘመድ ነው የሚያመጣልኝ። ለሚያመጣልሽ ሰው በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው ንገሪው። ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ በጠንካራ ጨረር ነው የሚፈተሸው፣ ፊልሙን ያበላሸዋል። በእጅ ሻንጣም ቢሆን አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉ የጨረር መፈተሻ ማሽኖች ላይ እንዳያልፍ በእጅ ፈትሹልኝ ብሎ ይጠይቅ። ለቤት ውስጥ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ወይም ኮዳክ ትራይ-ኤክስ ይሁንልሽ፣ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ የብርሃን ስሜታቸውም (አይኤስኦ) 400 ነው። ውጭ ከሆነ ግን በበጋ እኩለ ቀን ላይ 400 ፊልም ኤፍ 16 እና 1/500 ይፈልጋል፣ ዜኒት ደግሞ ከዚያ በላይ የለውም፣ ሌንሱም ከ16 አያልፍም። ለፀሐይ 100 ወይም 200 ያዢ።

ጥቁርና ነጩን እኔ ማድ ቤት ውስጥ ነው የማጥበው። ማታ ነው የምሠራው፤ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ ደፍኜ ፊልሙን በጨለማ ብርሃን በማያስገባው የማጠቢያ ታንክ ውስጥ አስገባለሁ፣ ከዚያ መብራት ይበራል። የጄሪካኑ ውኃ 17 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሜ 20 አደርሰዋለሁ። ኤችፒ5 ባልቀጠነ አይዲ-11 (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው፣ ከዚያ ማቆሚያው፣ ከዚያ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር። ለእጥበቱ የቧንቧ ውኃ ማፍሰስ አያስፈልግም፣ በኛ ፈረቃ የማይሆን ነው። ታንኩን ሞልተሽ 5 ጊዜ ገልብጠሽ ድፊ፣ እንደገና ሞልተሽ 10 ጊዜ፣ እንደገና 20 ጊዜ። ሁለት ሊትር የማይሞላ ውኃ ይበቃል። ፊልሙን አምጪልኝ፣ አብረን እናጥበዋለን።

የቀበና ልጅ፦

ገዛሁት! 8 ሺህ 500። መጋረጃው ላይ ቀዳዳ የለም፣ ቁጥሩ በ79 ይጀምራል። ላይትሜትሩ ሞቷል፣ በስልኬ እለካለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ሌንሱ ላይ ሁለት የኤፍ ቀለበት አለ። የቱ ነው የሚሠራው? ስዘጋው ደግሞ ማያው ይጨልምብኛል።

ጨለማ ክፍል፦

አንደኛው መወሰኛ ነው፣ ሁለተኛው መዝጊያ። በመወሰኛው 5.6 ላይ አድርጊው፤ መዝጊያውን እስከ 2 ከፍተሽ በሙሉ ብርሃን ዓይናቸው ላይ ፎከስ አድርጊ፤ ልታነሺ ስትይ መዝጊያውን እስኪቆም አዙሪው፣ ራሱ 5.6 ላይ ይቆማል። ከዚያ ተኩሺ። ፊልሙ ላይ የሚወጣው በማያው ከምታይው በዙሪያው ይሰፋል፣ ስለዚህ አንድ እርምጃ ብትቀርቢ ምንም አይቆረጥብሽም።

የቀበና ልጅ፦

ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ፣ አመሰግናለሁ። ትናንት አጠብነው። ከ36ቱ 31 ወጥቷል። ኔጋቲቩን በዲጂታል ካሜራ አንስተን አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ቤት አሳተምነው። ነጠላው ነጭ ነው፣ ፊታቸውም ፊት ነው። አያቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ገለበጠችውና «ስማቸውን ከጀርባው ጻፊልኝ፣ ቀኑንም» አለችኝ፤ ከግራ ጀምራ አንድ በአንድ ጠራችልኝ። አንዷ ላይ ስትደርስ የልጅነት ስሟን ነው የጠራችው።

አምስቱ ፖዝ ላይ ግን በአንድ ዳር ነጭ ሰንበር አለ። መጋረጃው ይሆን?

ጨለማ ክፍል፦

ሰንበሩ የሥዕሉን ክፈፍ አልፎ እስከ ጥርስ ቀዳዳዎቹ ከሄደ ብርሃኑ የገባው ከጀርባው በር ነው፣ በሩ የሚገጥምበትን ጠርዝ በጥቁር ቴፕ አሽጊው። በክፈፉ ውስጥ ብቻ ከቀረ መጋረጃው ነው፤ ያኔ በ500 ማንሳት ትተሽ በ125 ሥሪ። ኔጋቲቩን እዪና ንገሪኝ።

ስሞቹን በእርሳስ ጻፊ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኚ። የእስክሪብቶ ቀለም ፎቶዎቹ ሲደራረቡ በላይኛው ፊት ላይ ይታተማል።