«ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው» ምን አደረጋችሁ?

ጥላ ፈላጊ፦ ትናንት እዚሁ ስለ መሀል ከተማ መናፈሻዎች ስናወራ አንዱ ጣል አድርጎት ያለፈው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። እንዲህ ነው ያለው፦ «ፓርክ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው አልተሠራም። ይታጠር፣ መጠነኛ መግቢያ ይከፈልበት፣ ማታ ይዘጋ። ነጻ ነገር ማንም አያከብርም።» ከሥሩ የጭብጨባ መዓት። እኔ የምለው፣ ፓርክ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ካልተሠራ ለማን ነው የተሠራው? ለሚሮጥ ጂም አለ። ለሚገዛ ሱቅ አለ። መሀል ከተማ ውስጥ ሳትገዛ፣ ሳትከፍል፣ ማንም መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» ሳይልህ አረፍ የምትልበት ቦታ እሱ ብቻ ነው የቀረው።

ቀጥታ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ለምን ሸሸግከው? አሁንም እላለሁ። አንተ የምታወራው ስለምትመኘው ፓርክ ነው፣ እኔ ስለማየው። በጠዋት ሂድና እየው። አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተኝቷል፣ ሌላው ተሰብሯል፣ ሣሩ ላይ ቆሻሻ ተከምሯል። ልጄን ይዤ ገብቼ በ5 ደቂቃ ወጣሁ። የሚጠብቀው የለም፣ የሚጠርገው የለም፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ግን ሞልቷል።

ጥላ ፈላጊ፦ መጀመሪያ «ሸሸግሽው» በል፣ ሴት ነኝ። ሁለተኛ፣ ወንበሩን የሰበረው ሰው መቼም እየሰበረ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እሱ ሥራ ላይ ነበር።

ቀጥታ፦ ይቅርታ እህቴ። ቀልዱ ግን ወንበሩን አይጠግነውም።

ፎቅ ሥር፦ «ይታጠር» ለምትሉ የኒውዮርኩን ብራያንት ፓርክ ላንሣላችሁ። ፎቆች መሀል ያለ መናፈሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ሆኖ ነበር። አጥር አጥቶ መሰላችሁ? አጥርማ ነበረው! ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ በብረትና በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ተከቦ፣ ውስጥ የሚሠራው ነገር ከውጭ አይታይም ነበር። ዊልያም ኋይት የሚባል ሰው፣ ሰዎች አደባባይ ላይ የት እንደሚቀመጡ በካሜራ እየቀረጸ ዓመታት ያጠና፣ አማከራቸው። ምክሩ ግለጡት፣ ሰው ይግባበት ነው። በ1988 ተዘግቶ በ1992 ሲከፈት ቁጥቋጦው ተነሥቷል፣ መግቢያው በዝቷል፣ እንደፈለጉ የሚያንቀሳቅሷቸው ወንበሮች ገብተዋል። አሁን በደህና ቀን ወንበር መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚመጣው ምን ሊያደርግ መሰለህ፣ ቀጥታ? ዝም ብሎ ሊቀመጥ።

ቀጥታ፦ ግማሹን ነግረህ ግማሹን ዋጥከው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው ማን ነው? የግል ድርጅት ነው፣ ዙሪያውን ያሉ ባለሕንጻዎች የሚያዋጡለት። ጥበቃ አለው፣ ጠራጊ አለው፣ ማታ ይዘጋል። እኔ ያልኩት ይኸው አይደል? ገንዘብ ከሌለ ወንበርም የለም።

ፎቅ ሥር፦ መግቢያ ያስከፍላል?

ቀጥታ፦ ከሌላ ቦታ ያገኛል።

ፎቅ ሥር፦ መግቢያ ያስከፍላል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ቀጥታ፦ አያስከፍልም። ደስ አለህ?

አሽሙር፦ እኔን የገረመኝ «ነጻ ነገር ማንም አያከብርም» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ አየር ስትተነፍስ የት ሄደህ ነው የምትከፍለው?

ቀጥታ፦ አየሩንም እኮ እንዲህ ያጨሳችሁት ነጻ ስለሆነ ነው። ቀና በልና እየው።

አሽሙር፦ ይቺስ መልስ የላትም 😂

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ አጥር ይኑር አይኑር ስትባባሉ ሴት ልጆችን የጠየቀ የለም። ቪየና ውስጥ በ1990ዎቹ አጥንተውት ነበር። ሴት ልጆች 10 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከፓርክ ይጠፋሉ፣ ወንዶቹ ግን ይቀራሉ። ለምን ቢባል፣ በአጥር የተከበበ አንድ ትልቅ የኳስ ሜዳ ካለ ጉልበተኛው ይይዘዋል፣ በሩ ላይ ደግሞ ጓደኞቹ ይቆማሉ። በዚያ መሀል አልፋ የምትገባ የ11 ዓመት ልጅ የለችም። ሜዳውን ከፋፈሉት፣ መግቢያ ጨመሩ፣ መብራት አበዙ፣ ልጆቹ ተመለሱ። የእኔ ትልቋ አሁን 11 ዓመቷ ነው። «እማ፣ ፓርክ አልፈልግም» ማለት ከጀመረች ቆየች። ሰነፈች ብዬ ስቆጣት ነበር።

ቀጥታ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ያ መብራት እንዳይሰበር ማን ይጠብቀው? ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ ነው የምትመጡት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወደ አንተ ማን መጣ? ጥበቃ ይኑር ማለትና ሰው አይግባ ማለት አንድ ሆነ?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ያ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። ረፋድ ላይ ወጥቼ አንዷ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ ፀሐይ ሲበረታ ዛፉ ሥር ወዳለችው እዛወራለሁ። ቤት ዝም ብዬ ብቀመጥ የማየው ግድግዳ ነው። እዚያ ሰው አያለሁ። አሁን ደግሞ አግዳሚዋን መሀሏ ላይ ብረት ተከሉባት፣ ሰው እንዳይተኛባት ነው አሉ። እኔ አልተኛም፣ ግን ብረቱ ጎኔን ይወጋኛል።

ቀጥታ፦ ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አላልኩም።

ጥላ ፈላጊ፦ እንዴት አላልክም? «ዝም ብሎ የሚቀመጥ» አላልክም? ጋሼ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ታዲያ በርህ ላይ የምታቆመው ዘበኛ ጋሼን ከሌላው በምን ይለያቸዋል? በጫማቸው?

ቀጥታ፦ ሥራ ፈቱን ማለቴ ነው። ቃል እየሰነጠቃችሁ አታድክሙኝ።

አሽሙር፦ ጡረተኛስ ሥራ ፈት አይደለም እንዴ?

ጡረተኛው፦ ሥራ ፈት ነኝ። 38 ዓመት አብረን ኖረን ነው የተፋታነው፣ በስምምነት።

አሽሙር፦ ጋሼ 👏👏👏 እኔ ከዚህ በኋላ አልጽፍም፣ አንባቢ ነኝ።

ፎቅ ሥር፦ ጋሼ ያሉት ብረት ዓለም ላይ ሁሉ አለ። ለንደን ውስጥ በ2012 የመጣ «የካምደን አግዳሚ» የሚሉት አለ። ኮንክሪት ነው፣ ሁሉ ነገሩ ተዳፋት። ሰው እንዳይተኛበት፣ ስኬትቦርድ እንዳይነዳበት፣ ዕፅ የሚደበቅበት ስንጥቅ እንዳይኖረው ተብሎ የተነደፈ። ተሳክቶላቸዋል፣ ሁሉንም ከለከለ። መቀመጥንም ጭምር ሊከለክል ትንሽ ነው የቀረው።

ቀጥታ፦ ፓሪስ ሉክሰምበርግ የአትክልት ቦታ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እስከ 1974 ይከፈል እንደነበር ግን አትነግረንም። ፓሪስ ሲሆን ሥልጣኔ፣ እኔ ስለው ጭካኔ።

ጥላ ፈላጊ፦ እስከ 1974 ነዋ! አስቀሩት እኮ። ያስቀሩትን ነገር ይዘህ ነው የምትከራከረው?

ቀጥታ፦ ሲከፈልም ማንም አልሞተም ነው የምለው።

አሽሙር፦ አልጽፍም ብዬ ነበር፣ ግን ለቀጥታ የሚሆን ፓርክ ትዝ አለኝ። ኒውዮርክ፣ ግራመርሲ ፓርክ። ታጥሯል፣ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ያለው ዙሪያውን በሚኖሩት እጅ ነው። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። አንተ ግን የምታየው በብረቱ መሀል ነው።

የማታ ፈረቃ፦ «ማታ ይዘጋ» የምትለዋን ማንም አልነካትም። እኔ ከሥራ የምወጣው ሌሊት ነው። ፓርኩ ክፍት ሲሆን በመሀሉ አቋርጬ፣ ሰው ባለበት፣ መብራት ባለበት አልፋለሁ። ሲዘጋ አጥሩን ታክኬ ነው የምዞረው። አንድ ወገን አጥር፣ አንድ ወገን መንገድ፣ መሮጫ የለም። ለደኅንነት ብላችሁ የምትዘጉት ለማን ደኅንነት ነው? ለዛፉ?

ቀጥታ፦ ሌሊት ክፍት ከሆነ ማን እንደሚያድርበት አንተም ታውቃለህ።

የማታ ፈረቃ፦ አውቃለሁ። ቤት የሌለው ሰው። ፓርኩን ስትዘጋው ቤት ያገኛል?

ፎቅ ሥር፦ ከመዝጋት ጋር የሚያስቅ ነገር አለ። ኒውዮርክ በ1961 ባወጣችው ደንብ ባለሕንጻ ደጁ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አደባባይ ከሠራ ሕንጻው ላይ ተጨማሪ ወለል እንዲሠራ ይፈቀድለት ነበር። ብዙዎቹ ወለሉን ወሰዱ፣ አደባባዩን ግን መቀመጫ የሌለው ባዶ ድንጋይ አደረጉት። ኋላ በ2011 የሀብታምና የድሃ ልዩነት በዛ ብለው የወጡት እነዚያ የኦኪዩፓይ ሰልፈኞች የሰፈሩት የት ነው? ዙኮቲ ፓርክ፣ የግል ይዞታ! የከተማው ፓርኮች ማታ ይዘጋሉ፣ ያኛው ግን 24 ሰዓት ክፍት የመሆን ግዴታ ነበረበት።

ቀጥታ፦ ሁለት ወር ገደማ ሰፍረው በፖሊስ ወጡ። የክፍት ፓርክ መጨረሻው ይኸው።

ፎቅ ሥር፦ እነሱ ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም ነበር እኮ። አሁን ማንን ነው የምትፈልገው? የሚቀመጠውን አትፈልግም፣ የሚጮኸውን አትፈልግም።

ቀጥታ፦ ልጄን ይዤ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው የምፈልገው። ይሄ በዛ?

የሁለት ልጆች እናት፦ አልበዛም። እኔም እሱኑ ነው የምፈልገው። መጀመሪያ እንዲህ ብትል ኖሮ ማን ይጣላህ ነበር? ግን ልጅህና ልጄ ይጫወቱ ዘንድ ጋሼ ይውጡ ማለትህ ነው ያናደደን። እኔ ብሆን እንደ ጋሼ ያለ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳይ ነው ልቤ የሚያርፍ። ባዶ ፓርክ ነው የሚያስፈራኝ።

ፎቅ ሥር፦ ስለ ከተሞች የጻፈችው አሜሪካዊቷ ጄን ጄኮብስም በ1961 ያለችው ይሄንኑ ነው። የፊላደልፊያን አደባባዮች አነጻጸረች። ሪትንሃውስ ዙሪያውን ቤቱም፣ ቢሮውም፣ ሱቁም ስላለ ጠዋትም ማታም ሰው ነበረው። ዋሺንግተን አደባባይ ዙሪያውን ቢሮ ብቻ ስለነበር ከሥራ ሰዓት ውጭ ወና ነበር። ነገሩ ያለው ፓርኩን የከበበው ምንድን ነው የሚለው ላይ ነው።

ቀጥታ፦ ጥሩ፣ ከተማውን አፍርሰን እንደገና እንሥራው በለኛ። እስከዚያ እኔ አጥር እላለሁ።

ጥላ ፈላጊ፦ እስከዚያ መጥረጊያ በል። አንድ ጠራጊና አንድ ወንበር ጠጋኝ። እሱን ጠይቀህ ታውቃለህ?

ቀጥታ፦ ማንን ልጠይቅ? ነጻ ነዋ፣ ባለቤት የለውም።

ጥላ ፈላጊ፦ እንዴት የለውም? የአንተ እኮ ነው!

ቀጥታ፦ የእኔ ከሆነ ላጥረዋ።

ጡረተኛው፦ እናንተ ተባባሉ፣ እኔ ልውጣ። ፀሐይዋ ወደ አግዳሚዬ እየደረሰች ነው።

ቀጥታ፦ ጋሼ፣ ግን የትኛው ፓርክ ነው የሚቀመጡት? ንጹሕ ከሆነ እኔም ልጄን ይዤ ብቅ ልበል።

ጡረተኛው፦ አልነግርህም። ታጥርብኛለህ።