ቆጣሪው ይዞራል፣ ውሃው ግን የት እንደሚሄድ አይታይም

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። በወር 9 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር የሚቆጥርብን። የጥር ቢል 15 ሆኖ መጣ። የጥምቀት እንግዳ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ የካቲትም ያው። ሮቶው ድሮ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያደርሰን ነበር፣ አሁን ቀድሞ ይደርቃል። የሚንጠባጠብ ቧንቧ የለም፣ ግድግዳም አልረጠበም። ቧንቧ ሠራተኛ ብጠራ ምንም ሳይነካ «የሻወሩ ሴራሚክ ይነሳ» አለኝ። ሴራሚኩ እኮ አምና ነው የገባው! ሳላስፈርስ የማውቅበት መንገድ አለ?

የአዘዞ ልጅ፦
እንዳታስነሺ እህቴ! ውሃ በመጣ ቀን ሮቶው እስኪሞላ ጠብቂ፣ ከዚያ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭና በቀጥታ ከመስመር የሚቀዳ ቧንቧ ካለሽ እሱንም ዘግተሽ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ጥርስ እያት። ከዞረች ችግሩ ግቢው ውስጥ የተቀበረው መስመር ነው። ከቆመች ከሮቶው ጀምሮ ፈልጊ። ማታ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘግተሽ የሮቶውን ውሃ በዘንግ ለኪ፣ ጠዋት ድገሚው። ብቻ ውሃው ገና ሲመጣ ቆጣሪ አትዪ። ፈረቃ ሲጀምር መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፣ አየርም ቆጣሪ ያዞራል። እኔ በዚህ ተሸውጄ ግማሽ ግቢ ቆፍሬያለሁ፣ ጎረቤት እስካሁን ይስቅብኛል።

ጡረተኛው፦
ግቢ ከሆነ ልጄ፣ በበጋ አንድ ቦታ ብቻ ሣሩ ከለመለመ እዚያ ነው። ሌሊት ጸጥ ሲል የካቻቢቴ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ አዳምጪ። ሽሽሽ ይላል።

ባለ ሙያዋ፦
ሽንት ቤቱን ማን አየው? ታንከሩ ውስጥ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መሬትም አያረጥብ። ጾም ነው፣ ቀይ ስር ከቤት አይጠፋም፤ የቀቀልሽበትን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ማንም አይልቀቀው። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ነው።

የማራኪዋ፦
ጥርሷ ቆመች። ሮቶው በአንድ ሌሊት አራት ጣት ያህል ጎደለ። ቀይ ስሩን ጨምሬ ቡና አፍልቼ ስመለስ መቀመጫው ቀልቷል! ጎማው ጠንክሮ ተሰነጣጥቋል። ዛሬ በአዲስ ቀየርኩት፣ ነገ ጠዋት ደግሞ እለካለሁ። ሠራተኛው አሁን ደውሎ «ሴራሚኩን መቼ ላንሳ?» አለኝ።