ሐሳብ ከየት ይመጣል? ከጓሳ ሜዳ ወይስ ከመሥሪያ ክፍል?

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰሜን ሸዋ ወጣት ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች ያሰባሰብናት ትንሽ መዋጮ አለች። በምን ትዋል ብለን ተከፋፍለናል። ገሚሱ የመንዝን ጓሳ ሜዳና አንኮበርን ይዙሩበት፣ ሐሳብ የሚመጣው ከዚያ ነው ይላል። ሌላው የለም፣ አንድ ክፍል እንከራይላቸውና ቁጭ ብለው ይሥሩ ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአንኮበሩ፦
ጉዞው ይቅደም። እውቁ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለደው እኛው ጋ አንኮበር ነው። ያንን ገደልና ያንን ጉም፣ በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ ዳገቱን የሚወጣውን ሕዝብ እያየ ያደገ ልጅ ነው። እንግሊዝ አገር የተላከው እኮ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሥዕል ግን አልለቀቀውም። ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ልጅነቱን ያየበት አገር ነው ለዚህ ያበቃው።

ሠዓሊው፣ ደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ፣ አንኮበር የተወለደ ሁሉ አፈወርቅ አልሆነም። አዲስ አበባ እሱ የሠራውን የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት አስበው። 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ነው። ጉም ስላየ ብቻ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። ጥበቡን አውሮፓ ሄዶ አጥንቶታል። እኛ ጋ ግን “ሙድ ሲመጣልኝ እሥላለሁ” እያለ ሸራውን አቧራ የሚያስጠጣ ስንት ጎበዝ ልጅ አለ። ያሳዝነኛል።

የአንኮበሩ፦
አፈወርቅ ከእንግሊዝ ሲመለስ ደግሞ ክፍል ዘግቶ አልተቀመጠም። አገሩን ዞሮ አየ። እሷን አትዝለላት።

የመሐል ሜዳዋ፦
እኔ ስለ ሥዕል ብዙ አላውቅም። ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብሳችን፣ ሲሠራ እያየሁ ግን ነው ያደግሁት። አያቴ ፈታይ ነበሩ። በጉ ሲሸለት ነጩን ጸጉር ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ቡናማውን ለብቻ ይለያሉ። ሸማኔው ጎረቤታችን ነበር። አንድ ዓመት ሥራ መሀል ላይ ጥቁር ክር አለቀበት። በጎቹ ተሸልተው ስላለቁ ሌላ ከየትም አይመጣም። ዳር ላይ ሰፊ ጥቁር መስመር ሊያወጣ አስቦ ነበር። የቀረችውን ክር ከቡናማው ጋር እያፈራረቀ ቀጫጭን መስመር አደረጋት። ገበያ ሲያወጣው ሰው ሁሉ የጠየቀው ያንን ባና ነው። በዓመቱ ጥቁር ክር ሞልቶትም እንደዚያው ሠራ። ሐሳቡ ከተራራው አልመጣለትም። ተራራውማ ዕድሜ ልኩን ፊት ለፊቱ ነበር። የመጣለት መወርወሪያውን እንደያዘ ክር ሲያጥረው ነው።

ቅኔ ቤት የነበርኩ፦
የእህቴ ነገር እውነት ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ጫካ ገብቶ ወይም ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፣ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ጀማሪ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሲበረታ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። ሌላ ሰው ያለውን ደግሞ ማለት ነውር ነው፣ አዲስ መሆን አለበት። መንፈስ እስኪወርድልኝ ጠብቁኝ ማለት የለም፣ ተራው ሲደርስ ይነግራል። ጫካ የሚገባውም ዛፍ ለማየት ሳይሆን ሰው እንዳያናግረው ነው። ስለዚህ ክፍሉ በሩ የሚዘጋ ይሁንላቸው።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ሲና፦
ሒሳብም ላይ ያው ነው። አንሪ ፑዋንካሬ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ብዙ ለፋ። ከዚያ የጂኦሎጂ ጉብኝት ላይ ተጓዘ፣ ሒሳቡንም ረሳው። ኩታንስ የምትባል ከተማ ላይ ሠረገላ ሊሳፈር እግሩን ሲያነሣ ሐሳቡ ብልጭ አለለት። ይኸውና ጉዞ ትሉኝ ይሆናል። እሱ ራሱ ግን እንዲህ ያለው ብልጭታ አስቀድሞ ካልለፉ አይመጣም ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ክፍሉ ይቅደም። ሥራ የጀመረውን ልጅ ከዚያ በኋላ ጓሳ ውሰዱት። ጭላዳ ዝንጀሮውንም ጅባራ ተክሉንም በሌላ ዓይን ያየዋል።

የአንኮበሩ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በቅደም ተከተሉ አልስማማም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ጓሳን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አለ። ምን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው?

የመሐል ሜዳዋ፦
ጓሳ እኛው ጋ ነው፣ ወንድሜ። ይምጡ፣ ደስ ይለናል። ግን ከጭላዳ ጋር ፎቶ ተነሥተው በዚያው ቀን እንዳይመለሱ። ሳምንት ሸማኔ ቤት ይቀመጡ። ክር ያቀብሉ፣ ያጠንጥኑ፣ ሲሳሳቱም ይቆጧቸው።

ሠዓሊው፣ ደብረ ብርሃን፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦
ይሄ ሦስተኛ ሐሳብ ነው፣ ለድምፅ አቀርበዋለሁ። መሐል ሜዳ ላይ ማሳደር የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።